ስልሳ ፍሬ

ከጣርማ በር ወርዶ ጉም ሲሞላ ደጄን፣
በትንፋሼ ግለት ሳሟሙቅ እጄን፣
ጋሽ ሸዋንግዛው መጡ፤
የቦት ጫማቸውን ጭቃ ደፉ ላይ አራግፈው፣
የመንገድ ጥገና ኮፍያቸውን ገፈው፣
«ዶክተር፣ ያቺን ክኒን» አሉኝ፣ ባንኮኒ ተደግፈው።

ዶክተር አይደለሁም።
ይህን ስንቴ ነግሬ፣ ስንቴ ስቀው አልፈው!
የኔ ሥራ መቁጠር ነው፤
ፍሬ በማንኪያ ጫፍ፣ አምስት አምስት እያልኩ፣
ብር በአውራ ጣቴ፣ መልስ እየመለስኩ።

ካርዳቸውን ገለጥኩ።
ስልሳ ፍሬ ነበር፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፤
ለሠላሳ ቀን ነው፣ በየትም ሒሳብ መንገድ።
የጥቅምት አቦ ዕለት ይዘውት የሄዱት፣
የታኅሣሥ አቦ ነው ጨርሰው የመጡት።
ስልሳ ፍሬ ለቀን ስልሳ፤
እኩሌታው ወዴት ገባ? ማን ዋጠልን? ማን አነሳ?

«ሆዴን እያመመኝ…» አሉ፤
«ጦሙም ገባ…» አሉ፤
«ሥራ ላይ ረሳሁት…» አሉ፤
ሦስት ምክንያት ባንዴ! አንዱም አልገጠመ፤
ዓይናቸው ከዓይኔ ሸሽቶ ጣሪያው ላይ ቆመ።

ሌላ ሰው አልነበር፤
ወንበር ሰጠኋቸው ከመጋረጃው ሥር፣
አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ከትንሽ ዝምታ ጋር።
(ዝምታም መጠን አለው፣ እንደ መድኃኒቱ፤
ሲያንስ አይሠራም፣ ሲበዛ ነው ጥፋቱ።)

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ ዶክተር ማለት ትተው፣
የኮፍያቸውን ጠርዝ ደጋግመው ጎትተው፣
«እኩሌታው የእሷ ነው።
ጌጤነሽም እንደኔ ሌሊት ትነሳለች፣
እንስራ ሙሉ ጠጥታ ‹ጠማኝ› ትላለች።
ለእሷም ሌላ ካርድ፣ ሌላ ብር ከማውጣት፣
ያለችንን ክኒን ተካፍለን መዋጥ ናት።
ከአንድ መሶብ ቆርሰን ያመጣነው ጣጣ፣
መድኃኒቱን ደግሞ ብንካፈለው፣ ልጄ፣ ምን አመጣ?
ጠዋት የኔ ተራ፣ ማታ የእሷ ተራ፤
ተስማምተን ነው እንጂ ማን ሊያውቅ ይህን ሥራ?»

ልቆጣ ነበረ፤ ምላሴ ላይ ደርሶ።
ግን ካርዱ ክፍት ነው፤
ሰኔ፣ ነሐሴ፣ ጥቅምት፣ ወር እየዘለለ፣
ሦስት ጊዜ ፊርማዬ እዚያው ላይ አለ።
ሦስቴ ሸኘኋቸው ብር ብቻ ቆጥሬ፤
ቀንና ፍሬውን ያስተያየሁት ዛሬ።
ቁጣዬን ዋጥኩት።
መራራ ነው፤ ግን ይዋጣል።

«ጋሼ፣ ግማሽ ድልድይ ማንን ያሻግራል?
ሁለት ሰው ቢሄድበት ሁለቱም ይቀራል።
ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ያምጧት፣
ቁርስ ሳትቀምስ፣ በባዶ ሆድ ይዘዋት።»

ቅዳሜ በማለዳ፣
እትዬ ጌጤነሽ ከደፉ ላይ ቆመው፣
ለአውቶቡስ የሚሸጡትን የብርቱካን ቅርጫት ከእግራቸው አጋድመው፣
ጣታቸውን ሰጡኝ፣ ከንፈራቸውን ገጥመው።
አንዲት የደም ጠብታ፤
አምስት ሰከንድ ያህል የሦስት ሰው ዝምታ።

ሁለት መቶ ሰባ ሁለት።
ጋሽ ሸዋንግዛው ፊደል ባይቆጥሩም ቁጥር ያውቃሉ፣
የኪሎ ሜትር ድንጋይ ቀለም ሲቀቡ የኖሩ ናቸው፤
ዓይናቸው ከዚያ ላይ አልነሣ አላቸው።
«ይሄ ሩቅ ነው?» አሉኝ።
«ሩቅ ነው» አልኳቸው፤ «መንገድ ግን አለው።»
ለጤና ጣቢያው ሐኪም ወረቀት ጽፌ፣
ራሴው አብሬ ወጣሁ፣ በሩን ቆልፌ።

ስንመለስ ማዘዣው ሁለት፣ ፖስታውም ሁለት።
በአንዱ ላይ ኮፍያ ሣልኩ፣ በአንዱ ላይ ብርቱካን፤
እትዬ ጌጤነሽ አይተው ሳቁብን፦
«ለስኳር በሽተኛ ብርቱካን ይሣላል?»
«ከእህል ጋር ነው» አልኩ፣ «ባዶ ሆድ አይደለም፤
ጦሙን ለነፍስ አባት ንገሩ፤ ነውር የለም።»
ጋሽ ሸዋንግዛው ግን፣ ሁለቱን ፖስታ በሁለት እጅ ይዘው፣
ቆዩ ትንሽ ፈዘው፤
ከአርባ ዓመት ወዲህ ያልተካፈሉት ነገር፣ ገና ያ ነበር።

ዛሬ ሠላሳኛው ቀን ነው።
ሁለቱን ካርድ አውጥቼ ጎን ለጎን አኖርኩ፤
ቀኑን አንዴ፣ ፍሬውን አንዴ፣ ደግሜ ቆጠርኩ።
ጉሙ ደጄን ገፍቶ ባንኮኒ ያቅፋል፤
ከደፉ ላይ አንድ ሰው ጭቃ ያራግፋል።